የተወለወለ ሊሾ ያለውን የእንግዳ ሳሎን ማስጌጥ፦ ከባዶ ወለል እስከ ቡና ማፍያው ቦታ

ሊሾውን አስወልውላችሁ፣ ሶፋውን ገዝታችሁ፣ መጋረጃውን ሰቅላችሁ ሳሎኑ አሁንም መጋዘን ከመሰለ ጥፋቱ የሶፋው አይደለም። የሚሰማው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ድምፅ ያስተጋባል፣ እግር ይበርዳል፣ ምንጣፉ ይንሸራተታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቤቱ ይሸታል። ሁሉም የሚመጡት ዕቃው ከወለሉ በፊት ስለታሰበ ነው። የተወለወለ ሲሚንቶ ብርሃን ይመልሳል፣ ድምፅ ይመልሳል፣ ብርድ ይይዛል፣ ከሥሩ እርጥበት ካለ ደግሞ ወደ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ ሥራው ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፤ ምንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ የወለሉን ጉድለት ማረም እጥፍ ድካምና እጥፍ ወጪ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጊዜውን ምረጡ። ጎጃም ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። ወለሉ ይደርቃል፣ ሰሙ ይይዛል፣ መስኮት ከፍቶ መሥራትም ይቻላል። ለጥር ሠርግ የምትዘጋጁ ከሆነ በኅዳር ጀምሩ። የሠርጉ ሳምንት የተቀባ ሰም በእንግዳ ጫማ ተፈግፍጎ ያልቃል።

ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል መድቡ፦ መጀመሪያ ለወለሉ፣ ቀጥሎ ለመብራቱና ለመጋረጃው፣ ከዚያ ለምንጣፉ፣ በመጨረሻ ለሶፋው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። መካከለኛ ሶፋ በጥሩ ወለልና በጥሩ መብራት ላይ ያምራል፤ ውድ ሶፋ በተበላሸ ወለል ላይ ወለሉን ይበልጥ ያሳጣዋል።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት፦

- ሜትር፣ ጠመኔና እርሳስ
- 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሆነው የተቆረጡ ሦስት ንጹሕ ላስቲኮች፣ ሰፊ ፕላስተር
- ሁለት ባልዲ፣ ሁለት መወልወያ (አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለንጹሕ ውሃ)
- በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 400፣ 800 እና 1200
- ለሲሚንቶ ወለል የሚሆን ሰም
- ያረጀ ባና ወይም ሌላ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ ኮላ
- ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ

ደረጃ 1፦ ወለሉን ፈትኑ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉ ሰዎች ናቸው ክረምት ላይ የሚቸገሩት። ፈተናዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ትዕግሥት ነው።

ዕድሜው። አዲስ ሊሾ ከሆነ ከፈሰሰበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው ሰም አትቀቡ፣ ምንጣፍም አታንጥፉ። ሲሚንቶው ገና ውሃውን እየለቀቀ ነው፤ ከላይ ከታፈነ ሰሙ ነጭ ደመና ይሠራና ይላቀቃል። በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውሃ እየጠጣ መቆየቱንም ግንበኛውን ጠይቁ። ውሃ ያልጠጣ ሊሾ ደካማ ነው፤ ዱቄቱ ለዓመታት ከእግራችሁ ሥር አይጠፋም።

እርጥበቱ። ሦስቱን ላስቲኮች በሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱን በውጭው ግድግዳ ጥግ፣ አንዱን በሳሎኑ መሐል፣ አንዱን ከመታጠቢያ ቤት ወይም ከማድ ቤት ጋር በሚዋሰነው በኩል። አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር አሽጉና ለ24 ሰዓት ተዉት። ስታነሡት ላስቲኩ ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ወለሉ ከአካባቢው ጠቁሮ ከታየ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። ፈተናውን በሚያዝያ ብቻ አድርጋችሁ አትርኩ። በነሐሴ መጨረሻ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ሳለ አንድ ጊዜ ድገሙት፤ በበጋ ደረቅ የነበረ ወለል በክረምት ሲያልበው ማየት እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

እርጥበት ከተገኘ ሁለት ነገር ይቀየራል። አንደኛ፣ ወለሉን ሙሉ በሙሉ በሚያፍን ቀለም ወይም ኤፖክሲ አትሸፍኑት። እርጥበቱ ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። ሁለተኛ፣ ትልቁ ምንጣፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቅልሎ እንደሚቆይ ከአሁኑ ቁረጡ። ዋናው መድኃኒት ግን ውጭ ነው፤ የጣራው ውሃ ከግድግዳው ሥር የሚወርድ ከሆነ አሸንዳ ይሰቀል፣ በቤቱ ዙሪያ ውሃውን የሚያርቅ ቦይ ይቆፈር።

መጠጣቱ። ጥቂት የውሃ ጠብታዎች በተለያየ ቦታ አንጠባጥቡና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ጠብታው ገብቶ ጥቁር ነጥብ ከተወ ወለሉ ክፍት ነው፤ የወጥ ዘይትም፣ ጠላም፣ ቡናም እንዲሁ ይገባበታል። ጠብታው እንደቆመ ከቆየ መከላከያው አለ።

ዱቄቱ። ጥቁር ጨርቅ በእጃችሁ ይዛችሁ ወለሉን ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ ነጭ ከሆነ ወለሉ ገና እየፈረፈረ ነው፤ መጀመሪያ በደረጃ 2 መጨረሻ በተጠቀሰው የማጠንከሪያ ፈሳሽ መጠንከር አለበት።

ስንጥቁ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አታስጨንቃችሁ። እኔ እንደ ጉድለት አላያትም፤ ቀለሙ በማይገጥም ሲሚንቶ ተሞልታ ነጭ ጠባሳ ከምትሆን እንዳለች ብትቀር ይሻላል። ነገር ግን የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። በቢቸናና በደጀን አካባቢ እንዳለው ባለ ዋልካ መሬት ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ ይህን ችላ አትበሉ፤ ጥቁሩ አፈር በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ወለሉንም አብሮ ይጎትተዋል። ምልክቱን አልፎ የሄደ ወይም አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ያለ ስንጥቅ የማስጌጥ ጉዳይ አይደለም። ለግንበኛ አሳዩ፣ ሥራውንም አቁሙ።

ደረጃ 2፦ አጽዱ፣ አለስልሱ፣ ሰም ቀቡ

1. ዕቃውን በሙሉ አውጡ። ሶፋ ከጥግ ወደ ጥግ እየገፉ መሥራት የሚባል ነገር የለም፤ የጫረው ወለል መልሶ አይድንም።

2. በደረቅ ለስላሳ መጥረጊያ ጥረጉ። አሸዋ ቀርቶ ከታሸ ራሱ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

3. በሞቀ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና እጠቡ። ወዲያው በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም የመጸዳጃ ቤት አሲድ አታስጠጉ። አሲድ ሲሚንቶውን ይበላዋል፤ የሚተወው ደብዛዛ ነጭ ጠባሳ ደግሞ እድፍ ስላልሆነ በማጠብ አይለቅም። በረኪናንም ተዉት። ከሁሉ በላይ በረኪናን ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

4. ለ48 ሰዓት መስኮት ከፍታችሁ አድርቁ። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ በብርዳማ ሳምንት ሦስት ቀን ስጡት። ባሕር ዳር ላይ ሁለቱ ቀን ይበቃል።

5. የደበዘዙትን ቦታዎች ብቻ በውሃ እያራሳችሁ በቁጥር 400፣ ከዚያ በ800፣ በመጨረሻ በ1200 አለስልሱ። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ስትሻገሩ ጭቃውን ጥረጉ። ቁጥር አትዝለሉ፤ 400 የተወውን ጭረት 1200 አያጠፋውም። በደረቁ አትፈግፍጉ፤ የሲሚንቶ አቧራ ለሳንባ አደገኛ ነው።

6. ሰሙን በስሱ ቀቡ። በለስላሳ ጨርቅ፣ ከመስኮቱ ጥግ ጀምራችሁ ወደ በሩ እየመጣችሁ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ እየጨረሳችሁ ሂዱ። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁና በደረቅ የሱፍ ጨርቅ ወልውሉ። ሁለተኛውን ንጣፍ በማግስቱ ድገሙ። ሁለት ስስ ንጣፍ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራሙ አቧራ ይይዛል፣ ያንሸራትታል፣ ሲራመዱበትም የእግር ምልክት ያወጣል።

7. ሰሙ በደረቀ በ24 ሰዓት ውስጥ በሳሎኑ ከሰል አታቀጣጥሉ፣ ሻማም አታብሩ። ብዙው የወለል ሰም በቀላሉ የሚቀጣጠል ማሟሟያ አለው። ወለሉን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ አሽቶ ማብረቅም ይቅርባችሁ፤ ለጥቂት ቀን ያበራል፣ ሽታው ግን ከምንጣፉ አይወጣም፣ እሳትም ይጠራል።

ወለሉን በማሽን የምታስወለውሉ ከሆነ ከባለሙያው ጋር ስትዋዋሉ ሦስት ጥያቄ አንሡ። ከየትኛው ቁጥር ጀምሮ የት ይደርሳል? በተለምዶ ከ30 ወይም 40 ተነሥቶ በ80፣ በ150፣ በ200 ወደ 400 ይሄዳል፤ 400 ላይ ከቆመ ደብዘዝ ያለ፣ 800 ላይ መካከለኛ፣ 1500 ወይም 3000 ላይ መስታወት የሚመስል ይሆናል። የማጠንከሪያ ፈሳሹ በየትኛው ደረጃ ይገባል? ይህ የሲሊኬት ፈሳሽ በሲሚንቶው ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ያጠነክረዋል፤ መካከለኛው ቁጥር ላይ ካልገባ ላዩ ቢያበራም ውስጡ ደካማ ነው። ሥራው በውሃ ነው ወይስ በአቧራ መሳቢያ? «በደረቁ» የሚል መልስ ከሰጣችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ለእንግዳ ሳሎን እኔ የምመርጠው 800ን ነው። 3000 ፎቶ ላይ ያምራል፤ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ግን ዓይን ይወጋል፣ የእያንዳንዱን ሰው ዱካም ያሳያል።

ደረጃ 3፦ ዕቃው ከመግባቱ በፊት ሳሎኑን በጠመኔ ሳሉ

ወለሉ ባዶ ሆኖ ሳለ የሶፋውን፣ የቡፌውን፣ የመሐል ጠረጴዛውንና የምንጣፉን ልክ መሬት ላይ ሳሉ። ጠመኔውን በቀላሉ በእርጥብ ጨርቅ ታነሡታላችሁ።

በ4 በ5 ሜትር ሳሎን እንሥራው። ሁለት ሶፋ በረጅሞቹ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ይቀመጥ። የአንዱ ጥልቀት 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ይበል፣ ቀለሙ እንዳይፋቅና መጋረጃው እንዲወርድ። ከ4 ሜትሩ ላይ ሁለቱ ሶፋና ክፍተታቸው 2 ሜትር ወሰዱ፤ በመሐል 2 ሜትር ቀረ። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ በመሐል ብታስገቡ በየወገኑ 70 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ትሪ የያዘ ሰው ጉልበት ሳይነካ ያልፋል። ይህ ክፍተት ከ45 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጠረጴዛውን ቀይሩ። ከበሩ ወደ መቀመጫው የሚወስደው መንገድ ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ መንገዱ በምንጣፉ ጠርዝ ላይ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፤ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው።

የታላቆችን መቀመጫ አስቀድማችሁ ወስኑ። በሩን ፊት ለፊት የሚያይ፣ የንፋስ መንገድ ላይ ያልሆነ፣ ሲነሡ የሚደገፉበት ክንድ ያለው ወንበር ይሁን። ከእግሩ ሥር ያለው ወለል ባዶ ሊሾ እንዳይሆን ምንጣፉ እስከዚያ ይድረስ።

አሁን ሁለተኛውን ስዕል ሳሉ፦ የድግስ ቀን። ዝክር፣ ማኅበር፣ ክርስትና፣ መልስ ያለበት ቤት ሳሎኑ በዓመት ብዙ ጊዜ ቅርጹን ይቀይራል። ጠረጴዛው ወዴት ይወጣል? ምንጣፉ ተጠቅልሎ የት ይቆማል? በርጩማዎቹ ከየት ይመጣሉ? ለእነዚህ መልስ የሌለው አቀማመጥ ፎቶ ላይ ብቻ ነው የሚያምረው። ቡፌው ባዶውንም ከባድ ስለሆነ በሁለቱም ስዕል ላይ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ግድግዳና መብራት

ግራጫ ወለል ካላችሁ ግድግዳውን ግራጫ አትቀቡ። ክሬም ወይም ወደ ቢጫ ያዘነበለ ነጭ ይስማማዋል። ቀይ ኦክሳይድ የገባበት ሊሾ ከሆነ ከቀይ የራቀ፣ ንጹሕና ለስላሳ ነጭ ምረጡ፤ ሮዝና ቡና ዓይነት ግድግዳ ከቀይ ወለል ጋር ይጣላል። ሊወስኑ ሲሉ ቀለሙን ካርቶን ላይ ቀብታችሁ ከወለሉ ጋር አስጠግታችሁ አቁሙት፤ ጠዋትና ማታ በመብራት እዩት። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ለግድግዳው አትጠቀሙ፤ ወለሉም ግድግዳውም ካበራ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ዞኮሎውን፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚሄደውን ጠርዝ፣ አትርሱ። 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ወይም የሲሚንቶ ዞኮሎ ግድግዳውን ከመወልወያ ውሃ ያድናል።

የወለሉን ዕጣ የሚወስነው አምፖሉ ነው። በካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ነጭ መብራት ግራጫ ሊሾን አመድ ያስመስለዋል፤ የሰውንም ፊት ያገረጣል። ከ2700 እስከ 3000 የሚለውን ግዙ። በኮርኒሱ መሐል አንድ ኃይለኛ አምፖል ብቻ ከሰቀላችሁ በወለሉ ላይ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባል። መብራቱን ከፋፍሉት፦ አንድ ከላይ፣ ሁለት በጥግ በጥግ የሚቆሙ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ። ሽቦውን በምንጣፍ ሥር አታሳልፉ።

ደረጃ 5፦ መጋረጃ

አጭር መጋረጃ ሊሾ ባለው ሳሎን አይሆንም። ዘንጉን ከመስኮቱ ራስ ሳይሆን ከኮርኒሱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ጨርቁ ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። ወለሉን ከነካ የመወልወያ ውሃ እየሳበ ጠርዙ ይጠቁራል። የጨርቁ ስፋት የመስኮቱን እጥፍ ይሁን፤ እጥፋቱ ነው ድምፅ የሚውጠው። ከውስጥ ስስ፣ ከውጭ ወፍራም ሁለት ንጣፍ ከሆነ የቀትር ፀሐይ ወለሉ ላይ የሚሠራውን ነጸብራቅ በስሱ ታቀዘቅዙታላችሁ፣ ማታ ወፍራሙን ትዘጋላችሁ።

ደረጃ 6፦ ምንጣፍ

ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልትሸፍኑት ከሆነ ለምን አስወለወላችሁት? አንድ ልኩን የጠበቀ ምንጣፍ በመሐል፣ ዙሪያውን የሚታይ ሊሾ። ትንንሽ ምንጣፍ በየቦታው መበተን ግን ከመሸፈንም የባሰ ነው፤ ሳሎኑን ይቆራርጠዋል፣ አረጋውያንንም ይጥላል።

ልኩ። በደረጃ 3 የሠራነውን እዩ። በሶፋዎቹ መካከል 2 ሜትር አለ። የሁለቱም ሶፋ የፊት እግሮች በምንጣፉ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግቡ፤ ስለዚህ ምንጣፉ 2.40 ሜትር ይሰፋል፣ ርዝመቱ 3.40 ገደማ ይሆናል። የፊት እግሮቹ ሲጫኑት ምንጣፉ ከቦታው አይሄድም። ከሶፋዎቹ ርቆ በመሐል ብቻ የሚንሳፈፍ ትንሽ ምንጣፍ ገንዘብ አዳነ ተብሎ የሚገዛ፣ ሳሎኑን የሚያደኸይ ነገር ነው።

ከሥሩ። ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ ወይም የጎማ ማንጠፊያ በሰም ላይ አታስቀምጡ። ጎማው ከሰሙ ጋር ተዋሕዶ የማይለቅ ቢጫ ጥላ ይተዋል። በምትኩ ቀዳዳ ያለው፣ አየር የሚያሳልፍ የጨርቅ ማንጠፊያ ከምንጣፉ በየአቅጣጫው 3 ሴንቲ ሜትር አሳጥራችሁ ቁረጡ። ምንጣፉን አንጥፋችሁ በእግራችሁ ጠርዙን ግፉት። ከተንቀሳቀሰ አልጨረሳችሁም።

ሙቀቱ። በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ ምሽት ሲበርድ ከሶፋው ፊት አጎዛ መጨመር ከማንኛውም ፋብሪካ ምንጣፍ ይሞቃል። ነገር ግን በደንብ ያልለፋ ቆዳ በሊሾ ላይ አታኑሩ፤ ጨውና ስብ ይተዋል፣ እርጥበት ይስባል፣ ክብ እድፍ ያወጣል። አጎዛውን በምንጣፉ ላይ ወይም በወንበር ላይ አንጥፉት፤ በባዶ ወለል ላይ ይንሸራተታልና።

በሳምንት አንድ ቀን የምንጣፉን አንድ ጥግ ገልጣችሁ እጃችሁን ከሥሩ አስገቡ። ቀዝቃዛ መሆኑ ልክ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ግን ያን ቀን አንሡት፣ ፀሐይ ላይ ስቀሉት፣ ወለሉንም አድርቁ።

ደረጃ 7፦ ዕቃ ማስገባት

የእያንዳንዱን ወንበርና ጠረጴዛ እግር ገልብጣችሁ እዩ። የወጣ ምስማር፣ የተሰነጠቀ ላስቲክ፣ የዛገ ብረት ካለ አስወግዱ። ከዚያ ያረጀውን ባና በእግሩ ልክ እየቆረጣችሁ በኮላ ለጥፉና ለአንድ ሌሊት ይድረቅ። ወፍራም ሱፍ ነው የሚያስፈልገው፤ ቀጭን ጨርቅ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የብረት እግር ያለው ዕቃ ያለ ሱፍ ከቆመ የመወልወያ ውሃ ሲነካው የዝገት ቀለበት ይተዋል፤ ያ ቀለበት ደግሞ ለማንሣት ከባድ ነው።

ዕቃው ተሸክሞ ይገባል እንጂ አይጎተትም። ለቡፌው አራት ሰው ጥሩ፤ ቀድማችሁ ብርጭቆውን አውጡ፣ መሳቢያውን አውጡ።

ስለ እንጨቱ፦ የዋንዛ ቡናማ ቀለም ከግራጫ ሊሾ ጋር እጅግ ይስማማል። ከአዊ ቀርከሃ የተሠራ ወንበር ወይም መደርደሪያ ደግሞ የሳሎኑን ክብደት ያቀልለዋል፤ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፣ ሙሉ ስብስብ ካደረጋችሁት ሳሎኑ የካፌ በረንዳ ይሆናል። መስታወት የተገጠመበትና ኒኬል እግር ያለው ጠረጴዛ ግን አልመክርም፤ ከሚያበራ ወለል ላይ ሌላ የሚያበራ ነገር መጨመር ነው።

ደረጃ 8፦ የቡና ማፍያው ቦታ

በቤታችን ብዙውን ሊሾ የሚያበላሸው እዚህ ቦታ ላይ የሚሠራው ነው፤ እርጥብ ቄጠማ፣ የከሰል ፍንጣሪ፣ የፈሰሰ አተላ፣ የዕጣን አመድ። ስለዚህ ቋሚ ቦታ ስጡት፦ ከመስኮት አጠገብ፣ ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ፣ ከምንጣፉ ውጭ።

1. መጀመሪያ ሰሌን ወይም ከደንገል የተሠራ ምንጣፍ አንጥፉ። ቄጠማው በዚህ ላይ ይጎዝጎዝ እንጂ በቀጥታ በሊሾው ላይ አይሁን። ጠዋት የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማ እስከ ማታ ከዋለ አረንጓዴ ጥላ ሰሙ ውስጥ ይገባል፤ ሲራመዱበትም ያዳልጣል። ሲያልቅ ወዲያው ሰብስባችሁ አውጡ።

2. ከሰል ማንደጃውን በሰሌኑ ላይ አታስቀምጡት። ጠርዝ ያለው የብረት ትሪ ወስዳችሁ ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ ጨምሩበትና ማንደጃው በዚያ ላይ ይቁም። ትሪው ከማንደጃው በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ይስፋ። ፍንጣሪ ሲወድቅ አሸዋ ላይ ይወድቃል። ትሪው ራሱ ከሥሩ ሦስት የእንጨት ቁራጭ ይኑረው፤ የጋለ ብረት ሰሙን ያቀልጠዋል።

3. ረከቦቱን ከማንደጃው በቀኝ፣ ለምታፈላው ሰው እጅ የሚቀርብ አድርጉት። እግሩን በሱፍ ሸፍኑት።

4. አተላ መድፊያ ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ አስቀምጡ። ቡና ከፈሰሰ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ምጠጡት፤ አትፈግፍጉት፣ እድፉን ታሰፉታላችሁ።

5. ከሰል ሲነድ መስኮት ይከፈት። አዲስ የተሠራ፣ በሩና መስኮቱ የገጠመ ሳሎን ውስጥ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ሰው ይገድላል።

ደረጃ 9፦ ግድግዳና ድምፅ

ሁሉም ሲገባ በሳሎኑ መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ድምፁ ቀጠን ብሎ ከተመለሰ ለስላሳ ነገር ይጎድላል። ሶፋው ላይ መከዳ፣ ከሶፋው ጀርባ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ በእጅ የተሠራ ወፍራም ሽመና ወይም ስፌት ስቀሉ። ስፌቶችን ከሦስት በላይ አትደርድሩ፤ ገበያ ያስመስላል። የቤተሰብ ፎቶና ሥዕለ ማርያም በአንድ ግድግዳ ላይ ተቀላቅለው አይሰቀሉ፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ቦታ ስጡ።

ከጣራው ቆርቆሮ ሥር ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ የሐምሌ ዝናብ ንግግር ያቋርጣል። እዚያ ላይ ምንጣፍም መጋረጃም ብቻውን አያድንም፤ ገንዘብ ሲገኝ ቀድሞ የሚሠራው ኮርኒሱ ነው።

ሲሆን የማይሆነው፦ ችግርና መላው

ሰሙ ነጭ ደመና ሠራ። እርጥበት ታፍኗል። ምንጣፉን አንሡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ለሳምንት ተዉት። ካልጠፋ በሰም ማስለቀቂያ አንሡትና ወለሉ ሲደርቅ በስሱ ቀቡ።

በወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ። ከመሬት ከውሃው ጋር የመጣ ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ በውሃ ካጠባችሁት ይሟሟና ተመልሶ ይገባል። የውጭውን ፍሳሽ ሳታስተካክሉ ደግማችሁ ሰም አትቀቡ።

የወጥ ዘይት ወይም ቅቤ ፈሰሰ። በደረቅ ጨርቅ ምጠጡ። የተፈጨ ጠመኔ ወይም የሕፃን ፓውደር በወፍራሙ ነስንሳችሁ እስከ ጠዋት ተዉት፣ ጥረጉት፣ በሳሙና ውሃ አብሱት። ካልጠፋ ድገሙት። ቀይ ወጥ ከሆነ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ ፍጥነት ነው የሚያድነው።

ሎሚ ወይም ጠላ ፈሶ ደብዛዛ ቦታ ተወ። ይህ የተበላ ሲሚንቶ ነው። በውሃ 800፣ ከዚያ 1200፣ ከዚያ ሰም። ከቦታው ትንሽ አልፋችሁ ሥሩ፤ ጠርዙ እንዳይታወቅ።

ወለሉ አዳለጠ። ሰሙ በዝቷል። በሞቀ የሳሙና ውሃ አብሱ፣ በደረቅ ሱፍ ጠንከር አድርጋችሁ ወልውሉ። አሁንም ካዳለጠ በሰም ማስለቀቂያ ሙሉውን አንሥታችሁ በአንድ ስስ ንጣፍ ብቻ ጀምሩ። አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ይህን ለነገ አታሳድሩ።

ክረምት ገብቶ ቀይ ጭቃ ወለሉን ሞላው። በበሩ ውጭ ሻካራ የጫማ መጥረጊያ፣ በበሩ ውስጥ ውሃ የሚጠጣ ሁለተኛ ምንጣፍ፣ ከጎኑ የጫማ መደርደሪያ። የደረቀውን ጭቃ መጀመሪያ ጥረጉ፣ ከዚያ አብሱ። እርጥቡን በመወልወያ ከጎተታችሁት ቀይ ቀለሙ ክፍት በሆነው ሊሾ ውስጥ ይገባል። ሰሙን በዓመት ሁለት ጊዜ አድሱ፦ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ እና በጥቅምት፣ ምንጣፉ ተመልሶ ከመነጠፉ በፊት።